በሥራ ላይ ከተጎዳሁ በኋላ ወደ ሥራዬ የተመለስኩበት መንገድ

በሥራ ላይ ተጎድቶ ቤት የዋለ ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ያላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ የተጎዳችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ፎርማኖች፣ የሰው ሀብት ሠራተኞችና የድርጅት ባለቤቶችም ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ቁስሉን ሐኪም ያድነዋል። ሰውየው ወደ ሥራው እንዲመለስ ግን ሐኪም ብቻውን አይበቃም። ድርጅቱ፣ ባልደረባውና ቤተሰቡ ካልተጋገዙ የዳነ እጅ ይዞ ቤቱ የሚቀር ብዙ ሰው አለ። እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ ዳር ባለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ክብ መጋዝ ላይ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣውላው በመጋዙ ተይዞ ወደ ኋላ ተፈናጠረ፤ ግራ እጄም አብሮ ተሳበ። የሁለት ጣቶቼ ጅማት ተቆረጠ፣ የአንዱ ነርቭም ተነካ። ባልደረቦቼ እጄን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከፍ አድርገው ይዘውልኝ፣ በድርጅቱ ፒካፕ ሆስፒታል አደረሱኝ። ቀዶ ጥገናውም በሰላም አለቀ። ስለ አደጋው ከዚህ በላይ አልናገርም። የከበደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

መጀመሪያ የመጣው የወረቀት ጣጣ ነው። በሁለተኛው ወር ደመወዜ ግማሽ ሆኖ ገባ። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ፣ ሆስፒታል መመላለሻው ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ባለቤቴ «ዝም በል፣ ጭራሽ ሥራህን እንዳታጣ» አለችኝ። ዝም ልልም ነበር። ሊጠይቀኝ የመጣው የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ግን የደመወዝ ወረቀቱን አየና ወዲያው ገባው። ጉዳቴ የተመዘገበው በሕመም ፈቃድ ነበር።

ይህ ልዩነት ብዙ ቤት ስላጎደለ በደንብ ልንገራችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በተራ ሕመም ከሥራ የቀረ ሰው የመጀመሪያውን 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ያገኛል። ቀጥሎ ያሉትን 2 ወራት ግማሽ ይከፈለዋል። የመጨረሻዎቹን 3 ወራት ምንም አያገኝም። በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ግን በሌላ አንቀጽ ነው የሚስተናገደው። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ቀሪዎቹን 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። የሕክምናው፣ የመድኃኒቱና የሚያስፈልገው ደጋፊ መሣሪያ ወጪም የአሠሪው ነው።

ሊቀመንበሩ የአደጋውን ሪፖርት አወጣ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማሽኑ፣ ያዩት ሁለት ሰዎች ስምና ፊርማ ሁሉም ነበረበት። ያንን አያይዞ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ተስተካከለ፣ የተቆረጠውም ተመለሰ። ያ ሪፖርት ባይኖር ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ስለዚህ አደጋ በደረሰ ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ ሪፖርቱ መጻፉን ሰው ልካችሁ አረጋግጡ። ኮፒውን ያዙ። ሆስፒታልም ስትገቡ «ሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት» በሉ፤ ካርዱ ላይ ይጻፍላችሁ። ደረሰኝ አትጣሉ። ጥያቄ ካላችሁም አታቆዩት፣ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ካለፈ መብት በይርጋ ይታገዳል።

ሁለተኛው ከባድ ነገር ዝምታው ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ቤታችን በሰው ተሞላ። ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ አጥሚቱ ማስቀመጫ ጠፋለት። ከዚያ ሰዉ እየሳሳ ሄደ። ከድርጅቱ ደግሞ የሚደውል ሰው ጠፋ። በኋላ እንደሰማሁት አለቆቼ ያልደወሉት «ካሣ ይጠይቀናል» ብለው ሰግተው ነው። እኔም ያልደወልኩት «መቼ ትመጣለህ» ብለው ቀን ቆርጠውብኝ፣ ካልቻልኩ ያሰናብቱኛል ብዬ ነው። በየፊናችን ስንፈራ ወራት አለፉ። መሃል ላይ ሌላ ሰው ወሬ ይዞ ይገባል። አንዱ «በቦታህ ሰው ቀጥረዋል» ይላል። ሌላው «ያ እጅ ከእንግዲህ ሥራ አይሠራም፣ ክሰስና ብርህን ተቀበል» ይላል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ከቁስሉ ይልቅ ይህ ነበር።

አሠሪ የሆናችሁ፣ እባካችሁ አንድ ሰው መድቡ። የሚደውለው በየጊዜው የሚቀያየር ሰው አይሁን፤ አንድ የታወቀ፣ ተጎጂው የሚያምነው ሰው ይሁን። በሳምንት አንዴ ይደውል። የመጀመሪያ ጥያቄውም «መቼ ትመለሳለህ» አይሁን። «ቦታህ አለ። ደመወዝህ በዚህ ቀን ይገባል። ሕክምናው ላይ ምን ቸገረህ?» ይበል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የተጎዳችሁም ብትሆኑ ዝም ካሏችሁ እናንተ ደውሉ። ሐኪም ጋ በሄዳችሁ ቁጥር ምን እንዳለ ለክፍል አለቃችሁ ንገሩት።

ስለ ሕክምናው ሁለት ነገር ብቻ ልበል። የተሰፋ ጅማት መጀመሪያ ለሳምንታት በደጋፊ ታስሮ ይጠበቃል። ከባድ ነገር ለማንሳትና አጥብቆ ለመያዝ ወደ 3 ወር ገደማ ይፈልጋል። በዚያ መሃል ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ይጣበቅና ጣት አልታጠፍ ይላል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒ የግድ ነው። ሠፈር ውስጥ «ወጌሻ ይሽልህ» ያላለኝ ሰው የለም። ወጌሻ ለወለምታ የብዙ ሰው ባለውለታ ነው፣ አከብራለሁ። የተሰፋ ጅማት ግን ከታሸ ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል። ስብራትም አጥብቀው ካሰሩት ደም ይታገድና እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ፊዚዮቴራፒስቷ ይህን በግልጽ ስለነገረችኝ ለሽማግሌዎቹም አስረድቼ እምቢ አልኩ።

ሌላው የነርቩ ነገር ነው። የጣቴ ጫፍ ነፋስ እንኳን ሲነካው ያመኝ ነበር። ሸሚዝ መቆለፍ ፈተና ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ቆዳውን ቀስ በቀስ ማለማመድ እንዳለብኝ ነገረችኝ። መጀመሪያ በጥጥ፣ ከዚያ በፎጣ፣ ከዚያ እህል ውስጥ እጅ መክተት። እናቴ ይህን ስትሰማ በጎድጓዳ ሳህን ጤፍ ሞልታ ጠዋትና ማታ ከፊቴ ታስቀምጥልኝ ጀመር። እጄን ከትቼ ጣቶቼን እከፍታለሁ፣ እጨብጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጤፉ እንደ መርፌ ይወጋኝ ነበር። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እስከ አምሳ ትቆጥራለች፤ ካላለቀ አታስነሳኝም። ከጤፉ ወደ ምስር፣ ከምስሩ ወደ ሽምብራ ተሻገርን። ሽምብራው ውስጥ ያለ ሕመም እጄን የጨበጥኩ ቀን ሸሚዜን ራሴ ቆለፍኩ።

ከዚያ ሐኪሙ የመመለሻ ወረቀት ጻፈልኝ። «ቀላል ሥራ ይሰጠው» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ፋብሪካ ይዤው ስሄድ ማንም ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም። ፎርማኑ እንዳልጎዳበት ፈራ። ስለዚህ በር ላይ ከጥበቃዎቹ ጋር ተቀምጬ የሚገባና የሚወጣ መኪና ታርጋ እንድመዘግብ ተደረገ። በክፋት አልነበረም። ግን ዓመታት በሙያዬ የኖርኩ ሰው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ባልደረቦቼ ሲያልፉ «አይዞህ» ሲሉኝ መዋል አንገቴን አስደፋኝ። እጄም ሥራ ፈትቶ መልሶ መድረቅ ጀመረ። እስከ መቼ እንደምቀመጥ የሚነግረኝ የለም። መልቀቂያ ልጽፍ የደረስኩት ያኔ ነው፤ አደጋው በደረሰ ሰሞን አልነበረም። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ከተመለሰ በኋላ።

ነገሩን የቀየረው አዲስ የመጣው የምርት ኃላፊ ነው። አንድ ቀን በር ላይ መጥቶ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና «ከመጎዳትህ በፊት ቀንህ እንዴት ነበር የሚያልፈው? ከጠዋት ጀምረህ ንገረኝ» አለኝ። እኔ ስናገር እሱ ይጽፋል። ጣውላ መምረጥ፣ መለካት፣ ምልክት ማድረግ፣ መቁረጥ፣ በመላጊያ ማስተካከል፣ ኮላ ቀብቶ ማጣበቅ፣ ማለስለስ፣ ማጠፊያና እጀታ መግጠም፣ ጥራት ማየት፣ መኪና ላይ መጫን። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊት ጻፈበት። በየትኛው እጅ ነው? ስንት ኪሎ ይነሳል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማሽኑ እጅ ያንቀጠቅጣል ወይ? ሁለት ገጽ ሆነ።

ያንን ወረቀት ይዤ ሐኪሙና ፊዚዮቴራፒስቷ ጋ ሄድኩ። ሐኪሙ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አነበበው። አጠገቡም «ይችላል»፣ «ገና ነው»፣ «በሰው እርዳታ» እያለ ሞላው። መለካት፣ ምልክት ማድረግ፣ ጥራት ማየት፣ ይችላል። ማጠፊያ መግጠም፣ በቀን ለጥቂት ሰዓት ይችላል። የማለስለሻ ማሽን ስለሚያንቀጠቅጥ ገና ነው። በግራ እጅ ከ2 ኪሎ በላይ ለጊዜው አይነሳም። አሥር ደቂቃ ነው የፈጀበት። እውነቴን ነው፣ ሐኪም ሥራችሁን አያውቀውም። ሥራችሁን ጽፋችሁ ካልወሰዳችሁለት እሱም «ቀላል ሥራ» ከማለት ሌላ የሚለው የለውም።

በዚያ ላይ ተመሥርተን ዕቅድ አወጣን። መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ ሙሉ ቀን ግን ያለ ማሽን፣ ከዚያ ማሽን። ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት እኔ፣ ፎርማኑና ኃላፊው ቆመን እንነጋገራለን፦ ምን ከበደ፣ ምን ይጨመር፣ ምን ይቀነስ። እጄ ያበጠበት ሳምንት ነበር፤ ያን ሳምንት አልጨመርንም። ዕቅዱ የሚያልቅበት ቀን መጻፉ ደግሞ ለእኔም ለባልደረቦቼም ዕረፍት ሰጠን።

ያወጣነው ወጪ ይህ ነው የሚባል አይደለም። የካቻቢቴው እጀታ ቀጭን ስለሆነ ለመጨበጥ ይከብደኝ ነበር፤ ከጎማ ከመነዳሪ ቆርጠን ጠቀለልንበት፣ ወፈረ። በግራ እጄ ይዤ የምሠራውን ሞርሳ እንዲይዝልኝ አደረግን። ነርቭ የተነካበት እጅ ብርድ አይወድም፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜያት የምገባው ጠዋት 2 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ 3 ሰዓት ሆነ።

ስለ ፍርሃት የሚነግራችሁ ሰው ስለማይኖር እኔ ልንገራችሁ። ማሽን ክፍል የገባሁ ቀን መጋዙ ሲነሳ ላብ አጠመቀኝ፣ ጉልበቴ ራደ። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ጋሼ እያልን የምንጠራው አንድ አንጋፋ ባለሙያ ግን አይቶኛል። በምሳ ሰዓት ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ወሰደኝ። ጠረጴዛውን እንድነካው፣ ምላጩን እንዳየው፣ ማጥፊያውን ደጋግሜ እንድጫን አደረገኝ። በሌላ ቀን እሱ እየቆረጠ እኔ ከጎኑ ቆምኩ። ከዚያ እኔ ስቆርጥ እሱ ከጎኔ ቆመ። ማንም አላጣደፈኝም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ኃላፊው ማሽኑን አስጠግኖ ነበር። ከምላጩ ኋላ የሚቆመውና የተሰነጠቀው ጣውላ ምላጩን እንዳይነክስ የሚለየው ብረት ከወለቀ ቆይቷል። የምላጩ መከለያም እንደዚሁ። ሁለቱም ተገጠሙ፤ እንጨት መግፊያም ተዘጋጀ። ያቆሰለ ማሽን ሳይስተካከል ሰው መልሳችሁ አታቁሙበት። እኔ ያንን ብረት በቦታው ባላይ ኖሮ በምንም ማባበል አልመለስም ነበር።

ባልደረቦች ያጉረመርማሉ፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። የእኛ ቡድን በምርቱ መጠን ቦነስ ያገኛል። እኔ ግማሽ ቀን ሠርቼ የቡድኑ ቁጥር ሲወርድ ኪሳቸው ተነካ። «እሱ ልኬት ይለካል፣ ሸክሙ እኛ ላይ ነው» የሚል ወሬ ሰማሁ። ኃላፊው ሁላችንንም ቡና ላይ ሰብስቦ ዕቅዱን ከእነ መጨረሻ ቀኑ አሳያቸው። የቡድኑንም ኮታ ለዚያ ጊዜ ቀነሰ። ወሬው በዚያው ቆመ። ኮታውን ሳትነኩ «ወንድማችሁን እርዱት» ብትሉ ሰዉ ለተወሰነ ቀን ይረዳል፣ ከዚያ ይሰለቻል። ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

አንድ የተሳሳተ ወሬም አለ፤ ብዙዎች በእሱ ምክንያት ቤት ይቀራሉ። «ሥራ ከጀመርክ የጉዳት ገንዘብህ ይቀራል» ይባላል። ዘላቂ ጉዳት ካለ መጠኑን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት፣ ከ10 በመቶ ያላነሰ ጉዳት ደርሶበት የመሥራት ችሎታውን ያላጣ ሰው የጉዳት ዳረጎት የሚባለው ገንዘብ ከደመወዙ ተለይቶ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ ሥራ መሥራቱ አይከለክለውም። ድርጅታችሁ የጡረታ መዋጮ እየከፈለላችሁ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ገንዘብ እየጠበቁ እጅን አስሮ መቀመጥ የሚጎዳው እጁን ራሱን ነው።

አሁን በፋብሪካችን ሰው ሲጎዳ እኔን ይጠሩኛል። አንዲት እህታችን ማሸጊያ ክፍል ሳለች ወገቧ ተጎዳ። ጠረጴዛዋን በብሎኬት ከፍ አድርገን፣ ለካርቶኑ ባለ ጎማ ጋሪ ሠርተንላት፣ በየሰዓቱ ተነስታ እንድትንቀሳቀስ ተስማምተን ተመለሰች። በአንድ ወጣት ላይ ግን አልተሳካልንም። አስቸኳይ ትእዛዝ ነበረና ገና ስፌቱ ሳይጠና በመጀመሪያው ቀን ያው ማሽን ላይ አቆሙት። ቁስሉ ተከፈተ፣ እሱም ተከፋ፣ ወጥቶ አልተመለሰም። ያ ልጅ እስካሁን ያሳዝነኛል፤ በሁለት ሳምንት ትዕግሥት የሚድን ነገር ነበር።

የቀድሞ ሥራውን ፈጽሞ መሥራት የማይችልም አለ። የቀኝ እጁ ሦስት ጣት የሄደበት ባልደረባችን ኮምፒውተር ላይ የቁርጥ ሥዕል ማውጣት ተምሮ ዛሬ ዲዛይን ክፍል ነው። እዚህ ላይ ሕጉን እወቁ። ሠራተኛው በጤና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ግዴታውን በዘላቂነት መወጣት ካልቻለ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። በሌላ በኩል የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲመች ማድረግን በአሠሪው ላይ ግዴታ ያደርጋል። ስለዚህ «አልችልም» የሚለው ብቻ ተጽፎ አይቅር፤ የምትችሉት ነገርም በሐኪም ፊርማ ፋይላችሁ ውስጥ ይግባ። ለዚህ ባልደረባችን የጠቀመው ያ ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው ሙሉ ሥራ ሲጀምር ሁሉም «አለቀ» ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ሐምሌ ሲገባ ብርዱ ጣቶቼን ድርቅ አድርጎ ያዛቸው፤ በዚያ ላይ የምርት ጥድፊያ ነበር። ዓርብ ዓርብ የምንነጋገርበት ነገር ስለቆመ የምነግረው ሰው አጣሁ። ኃላፊው በአጋጣሚ ሲያልፍ እጄን ሳሻሽ አይቶ ነው የጠየቀኝ፤ የሱፍ ጓንት ተገዛልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ልኬት ላይ እንድጀምር ተደረገ። ስለዚህ ሙሉ ሥራ ከተጀመረ ከ3 ወር ገደማ በኋላ አንድ ቀጠሮ ያዙለት። ቢሮ አትጥሩት። ሥራው ላይ ሳለ ሄዳችሁ፣ ሲሠራ እያያችሁ ጠይቁት።